ሁላችንም ሙሉ አድሚን እንሁን ላለው ወንድማችን

ሰሞኑን የሰሜን ሸዋን ዊኪ በምንሠራ ልጆች መካከል አንድ ጽሑፍ እየተዘዋወረ ነው። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ዊኪው የዞናችንን ወረዳዎች፣ ደብሮች፣ ገበያዎች፣ የቦታ ስሞችና የታሪክ ሰዎች በአማርኛ የምንሰበስብበት ድረ ገጽ ነው። ማንም ገብቶ ሊጽፍበት ይችላል። ደሞዝ የሚከፈለው የለም። ደብረ ብርሃን ያለ አለ፣ መሐል ሜዳ ያለ አለ፣ ሸዋ ሮቢትና ዓለም ከተማ ያሉም አሉ። ውጭ አገር ሆነው ሌሊት ሌሊት የሚያርሙም አይጠፉም።

ባለፈው ስብሰባ የአድሚን (የአስተዳዳሪ) ፈቃድ ይከፋፈል የሚል ሐሳብ ተነሳ። አንዱ ገጽ የማጥፋት፣ ሌላው የገጽ ስም የማዛወር፣ ሌላው መለጠፊያ የማረም ፈቃድ ይኑረው ማለት ነው። ጽሑፉ ይህን ይቃወማል። አድሚን ያልነው ሁሉ ሙሉ ፈቃድ ይያዝ፤ ይህ ካልሆነ ደግሞ ሁሉንም ለአንድ ለሚችል ሰው እንስጥ፣ መሐል ቤት አያስፈልግም ይላል። ምክንያቶቹም ዊኪ ላይ የማይመለስ ስህተት የለም፣ ዊኪፔዲያም አልከፋፈለም፣ መከፋፈል አለመተማመን ነው፣ እኛ ጥቂት ነን፣ ሥራ ይጓተታል የሚሉ ናቸው። የጻፈው ልጅ ከብዙዎቻችን በላይ የሠራ ስለሆነ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ልመልስ።

«የማይመለስ ስህተት የለም» ከሚለው ልጀምር። የቀረው ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነው። የእያንዳንዱ ገጽ የለውጥ ታሪክ ተቀምጧል፣ የተበላሸውን አንዴ ተጭኖ መመለስ ይቻላል፣ ታዲያ ማን ምን ፈቃድ አለው ብሎ መጨነቅ ምንድን ነው? ይላል ጽሑፉ።

ለተራ ጽሑፍ ከሆነ እውነት ነው። አንድ ሰው የአንኮበርን ገጽ ቢያበላሽ ወዲያው ይመለሳል። የጠፋ ገጽም ቢሆን ከነታሪኩ ይወጣል፤ ዊኪው የሚሠራበት ፕሮግራም፣ ሚዲያዊኪ፣ ይህን ያደርጋል። የአድሚን ሥራ ግን በዚህ አያበቃም።

የዘመን መቀየሪያውን መለጠፊያ እንይ። መለጠፊያ ማለት አንድ ቦታ ተጽፎ ብዙ ገጽ ላይ የሚታይ ቁራጭ ነው። ይሄኛው የኢትዮጵያን ቀን ሲሰጡት የፈረንጁን ዓመት አስልቶ ያወጣል። ስሌቱ ቀላል ይመስላል፤ ግን ወጥመድ አለው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ እስከ ጳጉሜ ድረስ 8 ይሆናል። አሁን አንድ ቅን ልጅ «ምን ያወሳስበዋል፣ ልዩነቱ 7 አይደል?» ብሎ ፎርሙላውን አቀለለው እንበል። የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1896። በአዲሱ ፎርሙላ 1895 ሆኖ ይወጣል። ዐፄ ምኒልክ እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ነው፤ 1844 መሆኑ ቀርቶ 1843 ይላል።

ልብ በሉ፣ ገጾቹን የነካቸው የለም። የአድዋን ገጽ የለውጥ ታሪክ ብትከፍቱ ምንም አታገኙም። ለውጡ ያለው ማንም ከማይከፍተው ከመለጠፊያው ገጽ ላይ ነው። በመስከረምና በጥቅምት የተፈጸሙት ነገሮች ደግሞ ትክክል ሆነው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ቶሎ የሚጠረጥር አይኖርም። ተማሪው ለቤት ሥራው ይቀዳዋል። ሌላው ፌስቡክ ላይ ይለጥፈዋል። ፎርሙላውን መመለስ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ተቀድቶ የሄደውን ግን ማን ይሰበስበዋል? ልጁ ክፉ አልነበረም። አጥፊም አልነበረም። መለጠፊያ ለማረም የሚያበቃ ልምድ ሳይኖረው ፈቃዱ እጁ ላይ ነበር፣ በቃ።

ሌላም አለ። «ሰሜን ሸዋ ዞን» የሚባል ሁለት ነው። አንዱ ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው የአማራ ክልሉ፣ ሌላው ከተማው ፍቼ የሆነው የኦሮሚያው። ነገሩን ያላጣራ ሰው ሁለቱን ገጾች አንድ ናቸው ብሎ ቢያዋህድ፣ የለውጥ ታሪካቸውንም ቢቀላቅል፣ የትኛው እርማት የየትኛው ገጽ እንደነበር መለየት በእጅ እየተለቀመ የሚሠራ ነው። የሠራው ያውቀዋል። ገጽ ማዋሃድ ከማጥፋት ያነሰ አደጋ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ደጋግመው ያስቡት።

ከሁሉ የባሰው የድረ ገጹ ጃቫስክሪፕት ነው። እዚያ የተጻፈ ኮድ በእያንዳንዱ ጎብኚ ስልክና ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። የይለፍ ቃል ሊሰርቅ ይችላል። ኮዱን በኋላ ማጥፋት አያቅትም። የተሰረቀው ግን ተሰርቋል። የአይ ፒ አድራሻ፣ ማለትም ሰው ከየትኛው የኢንተርኔት መስመር እንደገባ የሚጠቁመውን ቁጥር፣ የማየት ፈቃድም እንዲሁ ነው። በዚህ ጊዜ ማን ከየት ሆኖ እንደጻፈ ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንዴ ያየ ሰው ፈቃዱን ብትቀሙትም ያየውን አትቀሙትም።

ወደ ዊኪፔዲያ እንምጣ። ጽሑፉ የዊኪፔዲያን መሥራች ጂሚ ዌልስን ይጠቅሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 አስተዳዳሪ መሆን እንደ ትልቅ ነገር መታየት የለበትም ማለቱ ልክ ነው። ከዚያ ተነስቶ ግን ዊኪፔዲያ እስከ ዛሬ ለአስተዳዳሪ ሁሉ ሁሉንም ይሰጣል ማለት 2003 ላይ ቆሞ መቅረት ነው።

የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከዚያ ወዲህ ፈቃዱን ሲበትን ነው የኖረው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተበላሸን ገጽ ፈጥኖ የመመለስ ፈቃድ አስተዳዳሪ ላልሆኑ ሰዎች መሰጠት ጀመረ። በ2013 የተጠበቁ መለጠፊያዎችን የማረም ፈቃድ ለብቻው ወጣ። በ2016 ገጽ የማዛወሩ ተከተለ። በ2018 ደግሞ ዊኪፔዲያን በሚያስተዳድረው ድርጅት፣ በዊኪሚዲያ፣ ዊኪዎች ሁሉ ትልቁ ለውጥ መጣ። እስከዚያ ድረስ ማንኛውም አስተዳዳሪ የጣቢያውን ጃቫስክሪፕት መቀየር ይችል ነበር። እንግሊዝኛው ላይ ብቻ ከሺህ በላይ አስተዳዳሪ ነበር። አንዱ አካውንት ቢጠለፍ የሚሊዮኖች ብሮውዘር ይጋለጣል ማለት ነው። ስለዚህ ያ ፈቃድ ከአስተዳዳሪነት ተነጥሎ ለጥቂቶች ብቻ ተሰጠ። በዚያው ዓመት ኅዳር ገደማ የአስተዳዳሪዎች አካውንት ተጠልፎ ዋናው ገጽ ላይ ብልሽት ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ አስተዳዳሪ ሌላ ሰው የጣለበትን እገዳ ራሱ ማንሳት እንዳይችል ተደረገ።

የተጠቃሚን አይ ፒ የማየቱን ፈቃድ ብትወስዱ ደንቡ ይበልጥ ግልጽ ነው። አንድ ዊኪ እንዲህ ያለ ሰው ከሾመ ቢያንስ ሁለት መሆን አለባቸው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲያይ። አንድ ብቻ ከቀረ ወዲያው ሌላ ይሾማል፤ ካልሆነ እሱም ፈቃዱን ያጣል። ሰውየው ስላልታመነ አይደለም። የሚያየው ስለሌለ ነው።

የዌልስን ሐሳብ ደግሞ እኔ ለኔ እጠቅሰዋለሁ። ፈቃዱ ሲያንስ ነው መስጠቱ ቀላል የሚሆነው። ሙሉ አድሚንነት አንድ ጥቅል ከሆነ ለመስጠት እንፈራለን፣ እናማርጣለን፣ መጨረሻ ላይ የምናውቃቸው አራት ሰዎች ጋ ብቻ ይቀራል። ገጽ የማዛወር ፈቃድ ብቻ ከሆነ ግን ሁለት ወር ደህና የሠራችን ልጅ «ያዢው» ለማለት ማንም ስብሰባ አይጠራም። ሥልጣኑን ለብዙ ሰው እናዳርስ የሚለውን የወንድማችንን ፍላጎት የሚያሟላው መከፋፈሉ ራሱ ነው።

«መከፋፈል አለመተማመን ነው» የሚለው ላይ ጽሑፉ ያነሳው ምሳሌ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም የኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው። የመንዝ ሰው ጓሳን ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው በመተማመን ነው፣ ደንብና ክፍፍል አላስፈለገውም ይላል። ኧረ ወዴት ወዴት!

ጓሳ እኮ ዝም ብሎ የቆየ ሣር አይደለም። መንዝ ጌራ ምድር ላይ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኝ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የጋራ መሬት ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር የሚታጨድበት። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሥርዓት ነበረው። ተጠቃሚው በሁለት ወገን፣ በአስቦና በጌራ ይከፈል ነበር። ሁለቱም የየራሳቸውን አለቃ ይመርጡ ነበር። መሬቱ ለዓመታት ይዘጋ ነበር። በዝግ ጊዜ ማጨድም ከብት ማሰማራትም ክልክል ነበር። ሲከፈት ደግሞ ቀኑ ታውቆ፣ ለሁሉም ተነግሮ ነበር። አንዱ አለቃ ብቻውን ተነስቶ «ዛሬ ከፍቻለሁ» ሊል አይችልም ነበር። በየደብሩ ያለው ሕዝብም ይጠብቅ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ የርስቱን ሥርዓት ሲያፈርሰው ይሄም ክፍፍል አብሮ ፈረሰ። የመንዝ ሰው ያን ጊዜ ድንገት የማይታመን አልሆነም። ሰዎቹ ያው ናቸው። ሁሉም ለሁሉም ሲሆን ግን ሣሩ አለጊዜው ይታጨድና ይጋጥ ጀመር። በኋላ ማኅበረሰቡ መልሶ ያቋቋመው ጥበቃም በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ ነው የሚሠራው። መተማመን ነበረ፤ አለም። ግን ማን ምን ማድረግ እንደሚችል ተለይቶ ስለተቀመጠ ነው ሰው ጎረቤቱን ሲጠረጥር የማያድረው። እኛም ጋ እንደዚያው ነው። ሌሊት አንድ ገጽ ጠፍቶ ሲገኝ ማጥፋት የሚችሉት ሁለት ሰዎች ከሆኑ ሁለቱን ጠይቆ ማደር ይቻላል። አሥራ አምስት ሰው የሚችል ከሆነ ግን ሐሜት ይጀመራል።

«እኛ ጥቂት ነን፤ ይሄ የትልልቆቹ ጣጣ ነው» የሚለው አሳማኝ ይመስላል። እውነታው ግን ተገላቢጦሽ ነው። ትልቁ ዊኪ ላይ አንድ ሰው ቢሳሳት የሚያይ ዓይን ሞልቷል። የሚያስፈራው ትንሹ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የስኮትስ (በስኮትላንድ የሚነገር) ቋንቋ ዊኪፔዲያ የደረሰበትን ያስታወሰ አለ? ቋንቋውን የማይናገር አንድ አሜሪካዊ ወጣት ገና በልጅነቱ ጀምሮ ከ20,000 በላይ ገጽ ጽፎ ተገኘ። አብዛኛው የስኮትስ አጻጻፍ ያለበሰው እንግሊዝኛ ነበር። ልጁ አስተዳዳሪም ነበር። ክፋት አልነበረበትም፤ ቋንቋውን የረዳ መስሎት ነው። የሚያየው ሰው ስላልነበረ ግን ነገሩ ዓመታት ተንከባለለ። አማርኛን በማያውቅ ሰው ወይም በማሽን ትርጉም የተሞላ የሰሜን ሸዋ ዊኪ ስታስቡ አያንገበግብም?

የክሮኤሽያኛው ዊኪፔዲያ ደግሞ ሌላ መልክ ነበረው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል አንድ የተወሰነ ቡድን ይዞት ኖረ። የማይስማማቸውን ያግዳሉ፣ ታሪክን ወደ ራሳቸው አስተሳሰብ ያጣምማሉ። የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን በ2021 በጉዳዩ ላይ ዘገባ አወጣ። ይህን የማነሳው ለኔ ክርክር ስለሚመች አይደለም። እንዲያውም አይመችም። ወረቀት ላይ ከሄድን እዚያ ፈቃዱ በተለያዩ ሰዎች መካከል የተከፋፈለ ነበር። ሰዎቹ ግን አንድ ሰፈር ነበሩ። አንዱ ሲያግድ ሌላው ያጸድቃል። እንዲህ ከሆነ ክፍፍሉ ለዓይን ነው።

እዚህ ላይ ነው ስብሰባው ላይ የቀረበው ሐሳብም የሚጎድለው። ፈቃዱን ለመከፋፈል አሰበ፣ ሰዎቹን አላሰበም። ማጥፋትም ማገድም ደብረ ብርሃን አንድ ካፌ በሚገናኙ ጓደኛሞች እጅ ከገባ ምን ከፋፈልነው? የሚያግደው ከደብረ ብርሃን ከሆነ የእገዳውን አቤቱታ የሚሰማው ከሸዋ ሮቢት ወይም ከውጭ ይሁን። መተዋወቅ አይከለከልም፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የማይተዋወቅ ማን አለ? ቢያንስ ግን አብረው ቡና የሚጠጡት ሰዎች የአንድን ጉዳይ ሁለቱንም ጫፍ አይያዙ።

ሌላው ከትንንሾቹ ዊኪዎች የምንማረው ነገር ጊዜ መወሰን ነው። ማኅበረሰቡ ገና ያልጠነከረ ዊኪ ላይ የዊኪሚዲያ ስቱዋርዶች (በሁሉም ዊኪዎች ፈቃድ የሚሰጡና የሚያነሱ ተመራጮች) አስተዳዳሪነትን የሚሰጡት በጊዜ ገደብ ነው፤ ሦስት ወር፣ ስድስት ወር፣ ዓመት። ሲያልቅ ማኅበረሰቡ ይጠየቃል። ፊት ለፊት «ልቀቅ» ማለት ለኛ ሰው ሞት ነው፤ ይሉኝታው አይለቀንም። ቀኑ ሲደርስ ፈቃዱ በራሱ ከወደቀ ግን ማንም ማንንም አላስቀየመም።

ሥራ ይጓተታል ለሚለው ብዙ መልስ አያስፈልገውም። የሚጓተተው አንድ ፈቃድ ለአንድ ሰው ብቻ ከተሰጠ ነው። ማንም እንደዚያ አላለም። እያንዳንዱን ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይያዘው፣ በተለያየ ከተማ። መሐል ሜዳ መብራት ሲሄድ ዓለም ከተማ ኔትወርክ ይኖራል። ሁለቱም ጋ ከሌለ ውጭ ያለው አለ። ዛሬስ ቢሆን ሙሉ አድሚኖቹ ሞልተው የለም እንዴ? የማጥፊያ ጥያቄዎቹ ግን ተከምረው ነው ያሉት። ሁሉም ሁሉንም ሲችል ሁሉም ሌላው ይሠራዋል ብሎ ይተኛል።

«ወይ ለአንድ ሰው» የሚለው አማራጭ ያስደነግጠኛል። ከዚህ በፊት አብሬ የጻፍኩበት አንድ ድረ ገጽ ነበር፤ ስሙ ይቅር። ዶሜኑም (የድረ ገጹ አድራሻ) ሰርቨሩም (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) በአንድ ጎበዝ ልጅ ስም ነበር። ልጁ ውጭ ሄደ፣ ስልኩ ተቀየረ፣ ኢሜይሉን አያየውም። የዶሜኑ ክፍያ ቀን አለፈ። ስንት ሰው የጻፈው ነገር አንድ ቀን ጠዋት የማስታወቂያ ገጽ ሆኖ አገኘነው። ቅጂ የያዘ አልነበረም። አባቶቻችን ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ያሉት ለዚህ ነው። የኛ ዊኪ ዶሜን ዛሬ በማን ስም እንደተመዘገበ ከአባላቱ ስንቱ ያውቃል? ስለ አድሚን ስንጨቃጨቅ ከአድሚን በላይ ያለውን ሰው ረስተነዋል። ሰርቨሩን የሚገባበት ሰው የትኛውንም ፈቃድ ለራሱ መስጠት ይችላል፤ ዳታቤዙን ማጥፋትም ይችላል። የመጀመሪያው ክፍፍል መጀመር ያለበት እዚያ ነው። ሁለት ሰው ሰርቨሩ ውስጥ መግባት ይችል፣ የዳታቤዙን ቅጂ ደግሞ በየሳምንቱ ሦስተኛ ሰው ያውርድ።

ጽሑፉ ልክ የሆነበት አንድ ቦታ አለ፣ እሱን አልሸሽም። ማዕረግ እንዳናበዛ ይሰጋል። እኛ ለማዕረግ ሟች ነን። አምስት ሰው ማኅበር ሲያቋቁም ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ሒሳብ ሹምና የሕዝብ ግንኙነት ይሆንና የሚሠራ አባል ይጠፋል። ፈቃዱ ስም ወጥቶለት፣ የመገለጫ ገጽ ላይ ተለጥፎ፣ ፌስቡክ ላይ «እንኳን ደስ አለህ» የሚያስብል ከሆነ ያው ነው። ስለዚህ ስብሰባው ላይ የቀረቡት ሰባት እርከኖች ይበዛሉ ባይ ነኝ። ለእኛ የሚበቃው ነገሩ ይመለሳል ወይስ አይመለስም ብሎ መለየት ነው። ብልሽት መመለስና ገጽ ማዛወር ደህና ለሠራ ሁሉ በቀላሉ ይሰጥ። ማጥፋት፣ ማገድና ብዙ ገጽ ላይ የሚታዩ መለጠፊያዎች ለሦስት ለአራት ሰው፣ ለስድስት ወር። ጃቫስክሪፕቱ ኮድ ለሚያነቡ ለሁለት። አይ ፒ ማየቱን ለጊዜው ለማንም ባንሰጠው ይሻላል፤ እስካሁን አላስፈለገንም።

ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ውሳኔው እስከ መስከረም ይቆይ ይላል። የሚያስጠብቅ ነገር አላየሁም። ሚዲያዊኪ ላይ ይህ ሁሉ በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ጥቂት መስመር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ የሚያልቅ። የሚከብደው ሰው መምረጡ ነው። ለገጽ ማዛወሩ እኔ የማማ ምድርን፣ የላሎ ምድርንና የጌራ ምድርን የቦታ ስሞች አንድ በአንድ ስታስተካክል የከረመችውን የመሐል ሜዳዋን ልጅ እጠቁማለሁ። ከቆላው በኩል፣ ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአጣዬ፣ አንድ ሰው ያስፈልጋል። የሚፈልግ ወይም የሚጠቁም እስከ እሑድ ይጻፍልን።